ቡና በጨውና 612 ኮሜንት

እቴቴ ቡናዋን በጨው ነው የምትጠጣው። ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ጀበናው እስኪሰክን ጠብቃ፣ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አድርጋ ስኒዋ ውስጥ ጣል ታደርጋለች። በቃ። ልጅ ሆኜ ሰው ሁሉ እንዲህ የሚጠጣ ይመስለኝ ነበር። አገሯ የት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ለምን እንደማልጽፍ ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ጥር 2011 ዓ.ም. ላይ ስለዚሁ ቡና አንድ ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ፖስት አደረግኩ። ረጅም ነበር። ሁለት ማታ ፈጅቶብኛል። ስለ ጀበናዋ የተሸረፈ አፍ ጻፍኩ፣ አቦሉን ጠጥቶ በረካውን ሳይጠብቅ የሚነሳ ሰው እንዴት እንደሚያናድዳት ጻፍኩ፣ ደግሞ ስለ ጎረቤቷ። ጎረቤቷ ጨው አትወድም፤ በስኳር ነው የምትጠጣው። እና እቴቴ፣ ራሷ ስኳር የማትነካዋ ሴትዮ፣ ለጎረቤቷ ብላ ከሃያ ዓመት በላይ ረከቦቱ አጠገብ አንዲት ክዳን ያላት የስኳር ጣሳ ታስቀምጣለች። ስኳር ከገበያ በጠፋበት ጊዜ እንኳ ያቺ ጣሳ ባዶ ሆና አላየኋትም። ጽሑፉን የጻፍኩት ለጣሳዋ ስል ነው ማለት ይቻላል። የእቴቴ እጅና ጀበናው ብቻ የሚታዩበት አንድ ፎቶም አያያዝኩ።

23 ላይክ። 4 ኮሜንት። ከአራቱ አንዱ የእህቴ ነው፤ አንዱ ደግሞ "ሰላም ወንድሜ ስልክህን ኢንቦክስ አድርግልኝ" የሚል።

ከሳምንት በኋላ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ነበር። ደብሮኛል። ስልኬን አወጣሁና ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ "ቡና በስኳር የምትጠጡ ሰዎች ቡና አታውቁም። ሽሮፕ ነው የምትጠጡት። ባህላችንን ያጠፉት እነዚህ ናቸው።" ግማሽ ቀልድ ነው። እንዲያውም ከፊቴ የነበረው ማኪያቶ ነው፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር ያለበት። ፖስት አድርጌ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ሒሳብ ልከፍል ስል ስልኬ ጠረጴዛው ላይ እየተንዘረዘረ ነበር።

መጀመሪያ ሳቅ ነው። "እኛ ሽሮፕ ጠጪዎች ቅር ብሎናል" ምናምን። ሃያኛው ኮሜንት አካባቢ አንዱ "ጨው የሚጨምረው ስኳር መግዛት ያቃተው ነው" አለ። ለዚህ ሌላው መለሰ። ለመላሹ ሌላው መለሰ። ሠላሳዎቹ ውስጥ "ድሮም የእነ እንትና ሰዎች" የሚል መጣ፤ እንትና ያልኩት እኔ ነኝ፣ እነሱ በስም ነው የጠሩት። ከዚያ አንድ ትጉህ ሰው ገጼን ወደ ታች ቆፍሮ ያችን የሳምንቷን ጽሑፍ አገኛት። ማንበቡን እንጃ። ፎቶውን ስክሪንሾት አድርጎ አመጣው። እቴቴ እጇ ላይ ንቅሳት አላት። ከንቅሳቷ ተነስተው አገሯን መገመት ጀመሩ፣ ከአገሯ ብሔሯን፣ ከብሔሯ ደግሞ የእኔን "አጀንዳ"። አስቡት፣ ነገሩ የተነሳው ከስኳር ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ሰው አያቶቼ ምን እንደሠሩ እያስረዳኝ ነበር።

612 ኮሜንት።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ደስ ብሎኝ ነበር። ደስ ማለት ብቻ አይደለም፣ እንቅልፍ ነው ያጣሁት። ስልኬ ትራስ ሥር ሆኖ በየአምስት ደቂቃው አወጣዋለሁ። ነገሩ በረድ ሲል ለአንዱ ተሳዳቢ ትንሽ የምትኮረኩር መልስ እሰጥና እንደገና ይነሳል። ከሰል ማራገብ ከእቴቴ ተምሬያለሁ፣ ችግር የለም። በነጋታው 400 የነበረው ተከታይ 900 ሆነ።

ያኔ "ሕዝቡ እንዲህ ነው" አልኩ። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው። ሐበሻ ክፉ ነው፣ ሐበሻ ምቀኛ ነው፣ ሐበሻ ነገር ይወዳል። ቆይቶ ነው ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ያነበብኩት፣ እና ካነበብኩ በኋላ ይቺን "ሐበሻ" የምትባል ማምለጫ መጠቀም ከበደኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2018 ማርክ ዙከርበርግ ፌስቡክ ከእንግዲህ ሰውን ከሰው "ትርጉም ባለው መንገድ" የሚያገናኝ እንዲሆን ለውጥ እያደረግን ነው አለ። ጥሩ ሐሳብ ይመስላል። ዘመድ ከዘመድ፣ ወዳጅ ከወዳጅ ይገናኝ ማለት ነው። ግን ማሽን "ትርጉም" የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ስለዚህ ነጥብ ተሰጠ። በኋላ ሾልከው በወጡት የድርጅቱ የውስጥ ሰነዶች እንደታየው፣ ላይክ 1 ነጥብ፣ ሼር 5 ነጥብ፣ ኮሜንት 15 ነጥብ፣ ክብደት ያለው ነው የተባለ ኮሜንት ደግሞ 30 ነጥብ። ነጥብ የበዛለት ብዙ ሰው ፊት ይቀርባል። በዝምድና ቅርበት የሚባዛ ሌላ ሒሳብም አለው፣ እሱን ተዉት።

የኔን ሁለት ፖስቶች በዚህ ሚዛን አስቀመጥኳቸው። የስኳር ጣሳዋ፦ 23 ላይክና 4 ኮሜንት፣ 83 ነጥብ። የሽሮፑ፦ ከላይኩም ከሼሩም ምንም ሳልደምር ኮሜንቱ ብቻ 9,180። በማሽኑ ዓይን "አያትህ ሌባ ነው" የሚለውም ኮሜንት ነው፣ "እናቴን አስታወስከኝ" የሚለውም ኮሜንት ነው። እኩል። እንዲያውም አይደለም፣ እኩል አይደለም። "እናቴን አስታወስከኝ" ያለው ሰው አንድ ጊዜ ተናግሮ ይሄዳል። አያቱ የተሰደበበት ሰው አይሄድም። ይመለሳል፣ ወንድሙን ታግ ያደርጋል፣ የሚሠራበት ቢሮ ያሉትን ሁሉ ይጠራል። ሰዳቢውም ይመለሳል። እየተመላለሱ ነጥብ ይሰበስቡልኛል።

አንዱ ነገር ደግሞ የበለጠ ገረመኝ። እነዚያ እ.ኤ.አ. በ2016 የመጡት የፊት ምልክቶች ትዝ ይሏችኋል? ልቡ፣ ሳቁ፣ የተቆጣው ቀይ ፊት። ከ2017 ጀምሮ እያንዳንዳቸው የአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ይቆጠሩ ነበር። ቁጣውም ጭምር። አንድ ሰው ተናዶ ቀዩን ፊት ሲጫን "ይሄን አታሳዩኝ" ማለቱ ነው ብላችሁ ልታስቡ ትችላላችሁ፤ ማሽኑ ግን "ይሄን ለአምስት ሰው ያህል ወድዶታል" ብሎ ነው የሚመዘግበው። የራሳቸው የድርጅቱ ባለሙያዎች ቀይ ፊት የሚበዛበት ነገር ውሸትም ስድብም እንደሚበዛበት አይተው ተናግረዋል። ነጥቡ ቀስ በቀስ ተቀንሶ በሴፕቴምበር 2020 ዜሮ ተደረገ። ሲደረግ ምን ሆነ? ሐሰተኛ መረጃውና የሚረብሸው ነገር ቀነሰ፣ ሰው ግን ፌስቡክ መጠቀሙን አልቀነሰም። ማለትም ሲጀመርም ያለ ቀዩ ፊት መኖር ይቻል ነበር።

ይሄን ሁሉ ያወቅነው ፍራንሲስ ሃውገን የምትባል የድርጅቱ የቀድሞ ሠራተኛ ሰነዶቹን ይዛ ስለወጣች ነው። በኦክቶበር 2021 የአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትናገር የእኛን አገር ስም ጠርታለች። ምያንማርን አነሳች፣ ኢትዮጵያን አነሳች። ጦርነቱ ውስጥ ነበርን ያኔ። እኔ ያንን ቪዲዮ ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ፣ እውነቱን ልናገር፣ "ይሄን ፖስት ባደርገው ይሄዳል" የሚል ነው።

እንግዲህ ማውራት የፈለግኩት ስለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ስለ አልጎሪዝም ሲወራ ስለ አንባቢው ነው የሚወራው፤ ምስኪኑ አንባቢ ስክሮል ሲያደርግ ምን እንደሚመጣበት። እኔ ጋ ግን የሠለጠነው ጸሐፊው ነው። ማንም አላዘዘኝም። "ሰው አሳድብ" ያለኝ አለቃ የለም። ብቻ ለስላሳ ነገር ስጽፍ ዝም ይባላል፣ እሾህ ያለበት ነገር ስጽፍ ስልኬ ይንዘረዘራል። ውሻም እንዲህ ነው የሚሠለጥነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ረጅም ጽሑፍ ተውኩ። የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚቆጣ ሰው ካልኖረ ጽሑፉን አጠፋዋለሁ። ቤት አከራይ ከተከራይ፣ ኮንዶሚኒየም ከድሮ ሰፈር፣ ዲያስፖራ ከአገር ቤት፣ ሽሮ ፈሰስ ከሽሮ ተጋቢኖ፣ ብቻ ሁለት ወገን ይኑረው። "ምስር ወጥ እወዳለሁ" ቢባል ማን ይመጣል? "ምስር ወጥ የማይወዱ ሰዎች ችግር አለባቸው" በል፣ ሰፈሩ ይሞላል።

ምስጢሯ "እነሱ" ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ አንድ ጥናት የአሜሪካ ሚዲያዎችና የኮንግረስ አባላት ፌስቡክና ትዊተር ላይ የለጠፏቸውን 2.7 ሚሊዮን የሚሆኑ ፖስቶች መርምሮ ነበር። ስለ ተቃራኒው ወገን የሚያወራ አንድ ቃል በተጨመረ ቁጥር ፖስቱ ሼር የመደረግ ዕድሉ በ67 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አንድ ቃል! እነሱ በሪፐብሊካንና በዲሞክራት ነው የለኩት። እኔ ደግሞ ካፌ ቁጭ ብዬ በማኪያቶ አገኘሁት፤ "ባህላችንን ያጠፉት እነዚህ ናቸው"።

ሰውን መንካትና መሸለም ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? አይደለም። አዝማሪ ቤት ግቡ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ እየዞረ ነው፣ የአንዱን ቦርጭ፣ የሌላውን ራሰ በራ፣ የዚያኛውን ስስት በግጥም ያነሳል። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ "ተቀበል!" እየተባለ ነገር ይላክለታል። ባሳቀ ቁጥር ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ልክ እንደኛ ነው፣ ተናካሽ ይሸለማል። ግን አዝማሪው የተነካውን ሰውዬ ፊት ያያል። ፊቱ ሲጠቁር ግጥሙን ወደ ሙገሳ ያጥፈዋል፤ ካላጠፈው ደግሞ ብርጭቆ ይወረወራል። ልኩን ከሰውዬው ፊት ላይ ነው የሚያነበው። እኔ 612 ሰው አናድጄ አንድ ፊት አላየሁም።

ተከታዬ 5,000 የሞላ ዕለት የሕግ ሰው የሆነ ጓደኛዬ ደወለልኝ። "እንኳን ደስ አለህ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ዓመት ነው" አለኝ። እየሳቀ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185 የሚባለው፣ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት የተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃ ላይ ቅጣቱን እስከ ሦስት ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ያደርሰዋል። ድርጅቶቹም ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል። ነጥብ አሰጣጡን ግን አይነካውም። አፌን ሊይዘኝ ይችላል፣ ድምፅ ማጉያውን ግን ማን እንደያዘው አይጠይቅም።

መዝጋቱንም አይተነዋል። በየካቲት 2015 ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሲዘጉ ለአምስት ወር ያህል ቆየ። ውጤቱ ምን ነበር? አጎቶቻችን ሳይቀሩ ቪፒኤን ምን እንደሆነ ተማሩ። ጭቅጭቁ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይጫን ነበር እንጂ አልቀረም።

እስካሁን የማወራው ስለ ስኒ ነው። ሁሉም ግን ስኒ አይደለም። በኖቬምበር 2021 ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውን፣ ፎቷቸውንና የሚሠሩበትን ቦታ እየጠቀሱ የሚወነጅሏቸው ፖስቶች ፌስቡክ ላይ ሲዞሩ ነበር። ልጃቸው ፖስቶቹ እንዲነሱ ደጋግሞ ሪፖርት ማድረጉን ይናገራል። በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ አልጎሪዝሙ የጥላቻ ጽሑፍን ማራገቡን እንዲያቆም ነው። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት እኔን የመዳኘት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። በኤፕሪል 2025 ፍርድ ቤቱ ሥልጣን አለኝ አለ። ክሱን ሳነብ አንድ ነገር ብቻ ነው ያየሁት። የንቅሳቷን ፎቶ ነው። እነዚያ ሠላሳ አርባ ሰዎች ማሽኑን ተጠቅመው የእቴቴን እጅ ሲመረምሩት የነበረው ነገር አንድ ደረጃ ከፍ ቢል፣ ሰፈሯን ቢጠይቁ፣ አንዱ ቢነግራቸው። እኔ ያንን ሌሊት ለመልሴ የሚሆን ቀልድ ነበር የምፈልገው።

ከሩቅ ሆኖ መናደድ ደግሞ ዋጋው ቅናሽ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለው የአክስቴ ልጅ ከሥራ ገብቶ ማታ የሚጽፈው ነገር እዚህ ጠዋት ነው የሚነበበው። እሱ ጽፎ ይተኛል፣ እኛ ታክሲ ውስጥ እንነጋገርበታለን። ሲነቃ 300 ሼር ይጠብቀዋል። እሱን ለመውቀስ አይደለም፣ ናፍቆትም ንዴትም እኩል ያንገበግበዋል፤ ግን ፌስቡክ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚከፍለው ያውቃል።

ክፍያ ካልኩ አይቀር፣ ቲክቶክ ላይማ ነገሩ ዕርቃኑን ወጥቷል። ሁለት ሰው ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ ላይቭ ይገባል፣ አምስት ደቂቃ ይሰጣቸዋል፣ ጊፍት ያበዛ ያሸንፋል። ጽጌረዳ ይላካል፣ አንበሳ ይላካል። ተጫውተው ከወጡ ጊፍቱ ትንሽ ነው። ከተሰዳደቡ፣ በተለይ የአንዱ ብሔር ወይ ሃይማኖት ከተነካ፣ ሁለቱም ወገን ለክብሩ ሲል ይልካል። አረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ ለማታውቀው ሰው ስድብ አንበሳ አድርጋ የምትልክ እህት አይቻለሁ። "ለእናንተ ነው" ትላለች ኮሜንት ላይ። ማን ናቸው እናንተ? ተሳዳቢዎቹ ሲጨርሱ ደውለው የሚሳሳቁ ይመስለኛል። ማረጋገጫ የለኝም።

ወደ ሽሮፑ ፖስት ልመለስ፣ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። የሽሮፑ ፖስት ከወጣ ወር ገደማ በኋላ እቴቴ ደወለች። እቴቴ ስልክ አትደውልም፣ ሚስኮል ነው የምታደርገው። ደውላ አወራች።

"አንተ፣ ስለ ስኳር የጻፍከው ምንድን ነው?"

ልቤ ወረደ። ጎረቤቷ ሦስት ሳምንት ቡና አልመጣችም። ልጇ ስልኩ ላይ አሳይቷታል፦ ያንቺ ጎረቤት ዘመድ ስለ ስኳር ጠጪዎች እንዲህ ብሏል፣ ፎቶውም የእሷ እጅ ነው፣ ከሥሩም ሰዎች እንዲህ እንዲህ ይላሉ። ጎረቤቷ ማንበብ አትችልም፤ ልጁ ነው ያነበበላት፣ ከነኮሜንቱ። ከ612ቱ ስንቱን እንዳነበበላት እንጃ። ሴትዮዋ ምንም አልተናገረችም። ብቻ ቀረች። ጀበናው እየተጣደ፣ ጣሳዋ እየተከደነች እዚያው አለች።

"ቀልድ ነው እኮ እቴቴ" አልኳት።

"ለማን ነው የቀለድከው?" አለች።

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ። እቴቴ ቤት አላስገባችኝም፤ በር ላይ ቆማ "አንድ ኪሎ ስኳር ገዝተህ እሷ ቤት ግባ" አለችኝ። ገዛሁ። ስኳሩን ይዤ የጎረቤቷን በር ሳንኳኳ የተሰማኝን እፍረት 612 ሰው ቢሰድበኝ አይሰማኝም ነበር፤ ተሰድቤም አይቼዋለሁ። ሴትዮዋ ስኳሩን አየችና፣ ወደኔ አየችና፣ "ግባ ልጄ፣ ምን ያቆምሃል" አለች። ስለ ፖስቱ አንድ ቃል አልወጣትም። ይዣት መጣሁ። ቡና ተፈላ።

በረካው ላይ፣ ነገሩ ሁሉ ከቀለለ በኋላ፣ እቴቴን ያችን የመጀመሪያዋን ጽሑፍ አነበብኩላት። ስለ ጀበናው አፍ ስደርስ ሳቀች። ስለ ጣሳዋ ስደርስ ሁለቱም ዝም አሉ። ጎረቤቷ ነጠላዋን አስተካከለች።

"ስንት ሰው አነበበው?" አለች እቴቴ።

"ሃያ ሦስት" አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

"ሃያ ሦስት ሰው!" አለች፤ ዓይኗ ፈጠጠ። "ሃያ ሦስት ሰው ቡና ጠጡ ብለህ ብትጠራ የት ታስቀምጠው ነበር? ስኒው ራሱ አሥራ ሁለት ነው፣ ሁለቱ ተሰብሯል።"

ጎረቤቷ በሳቅ ስኒዋን ልትደፋው ነበር። እኔም ሳቅኩ። እየሳቅኩ ግን እጄ ወደ ኪሴ ገባ፤ ይቺን አባባል ቶሎ ልጽፋት፣ እንደምትሄድ ታውቆኛል። እቴቴ እጄን አየችው።

"በል ጨዉን አቀብለኝ" አለች።